ሰማያዊው ደብተር

በኅዳር የጠለቀች ፀሐይ
እስከ ጥር አትታይ
በእኛ ደሴት ላይ።
ስለዚህ ቱርላይቭ ፋኖስ ይዞ ከመርከብ ሲወርድ
ብርሃን መስሎን ነው የሮጥነው በዚያ ብርድ።

ጸሎት ቤቱ ነጭ ነው፤ ጣውላው ጨው የበላው፤
ከጎኑ የኮድ ዓሣ፣ ጭንቅላት የሌለው፣
ጥንድ ጥንዱን ታስሮ ቆጥ ላይ ይሰቀላል፤
ነፋስ በመታው ቁጥር ቋ ቋ ቋ ይላል።

ስሜ ራግንፍሪድ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ፤
ባሌ ከመረቡ ጋር፣ እኔ ከልጅ ጋር በቤቴ።

አንዳንድ ደብተር አደለን፤ ሽፋኑ ሰማያዊ፤
የሚቆለፍበት ሣጥን ግን ምድራዊ።
«ጻፉ» አለን፣ «የቀን ሐሳብ፣ የሌሊት ሕልም ሳይቀር፤
እግዜር ያውቀዋል፤ እኔ የማነበው እናንተን ለማፍቀር።»

ጻፍኩ። ምን የማልጽፈው ነበረኝ?
ባሌ ሲዘገይ ባሕሩን እንደረገምኩ፣
በጸሎት መሐል እንቅልፍ እንደወሰደኝ፣
የጎረቤቴን ቀይ ሻርፕ እንደተመኘሁ፣
አንድ ሌሊት ደግሞ፣ ልጄ አላስተኛ ሲል፣
«ምነው ባልወለድኩት» ብዬ እንዳሰብኩ፣ ለቅጽበት ያህል።

በመጋቢት ታመመ፤ «ሳንባው ነው» አለች ነርሷ፤
ማዕበል ነበረ፤ የሆስፒታሉ ጀልባ ከወደብ አልተነሣ።
ሦስት ቀን።
ከዚያ አልጋው ባዶ፤
ካልሲው ምድጃው ጫፍ ላይ፣ ገና ሳይደርቅ፣ እንደተሰጣ።

እሑድ ቱርላይቭ መድረክ ወጣ፤ መነጽሩን ጠረገ፤
የእኔን ደብተር ከፍቶ ገጽ ፈለገ።
«ምነው ባልወለድኩት» አለ፤ ቀጥሎም ዝም፤
«እህታችን ለመነች፤ ጌታም አልነፈጋትም።»

ማንም አላሳለም።
ባሌ ጫማውን ያይ ነበር።
ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፤
ማንን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት እስክርቢቶ አልነካሁም።
በዓሣ ፋብሪካው፣ ደመወዝ ሲሰጡኝ፣ «ፈርሚ» ሲሉ፣
አውራ ጣቴን ቀለም ነከርኩ፤ «አልተማረችም» አሉ።
ከሱቅ የምገዛውን በጣቴ ቆጥሬ ያዝኩ፤
ዱቄት ረስቼ ስንቴ በበረዶ ተመለስኩ።
ጸሎትማ... አፌን ስከፍት
ከጀርባዬ ኮሽ ይላል፣ የሚገለጥ ወረቀት።

«ይቅር በይ፣ ይቅር በይ» ይሉኛል፣ እንደ ዕዳ ሊያስከፍሉ፤
«ይቅርታ» የሚል ግን አንድ አልነበረ ከመሐሉ።

ቱርላይቭ ጡረታ ወጣ፤ ወደ ደቡብ ሄደ፤
አበባና የግድግዳ ሰዓት ሰጡት፤ ሰዉ እያለቀሰ ሸኘው።
ቁልፉንም ይዞት ሄደ።

ሱኒቫ ናት፣ ጸሎት ቤቱን የምታጸዳው፣
(የእሷም ደብተር ነበረ)
ሣጥኑን በመጥረቢያ የከፈተችው።
በዓሣ ቅርጫት ሞልታ ቤት ለቤት ዞረች፤
«የአንቺ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ሄደች።

ሦስት ሳምንት ከማገዶው ሥር ተኛ።
ከዚያ ገለጥኩት።
በቀይ እርሳስ፣ ዳር ዳሩን፣ የቱርላይቭ እጅ ነው፤
ኃጢአቴን መስሎኝ፤ ለካ ፊደሌን ነው ያረመው!
የሳትኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አክብቦ፣
የተንጋደደውን አቃንቶ፣ የተለያየውን አቀራርቦ፤
ያቺ መስመር ላይም፣ ልጄ ባለባት፣
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨምሮባት።

ሳቅሁ። አፍሬ አፌን ያዝኩ፤ ደግሞ ሳቅሁ።
እንባው በኋላ መጣ፤ እሱን አልቆጠርኩ።
ይኸው ነው? ያ ሁሉ ነጎድጓዱ፣ ፍርዱ፣
ቀይ እርሳስ እየቀረጸ የሚያመሽ ሰው ነው፣ አንዱ?

ሱኒቫ የእሷን አቃጠለች። እኔ አልቻልኩም፤
ኤይሊፍ የሚል ስም አለበት፤ ስሙን እሳት አላበላም።
ገለበጥኩትና ከጀርባው ጀመርኩ፣ ከባዶው፤
መጀመሪያ እጄ እንቢ አለ። ጠበቅኩት። ከዚያ ጻፈው፦

ዱቄት።
ጨው።
ክብሪት።
ቀይ ሻርፕ።

ጸሎት ይሁን አይሁን አላውቅም። ለማንም አላሳየሁ።
«ሻርፕ በጥር ይመጣል» አለኝ ባለሱቁ፣ «ከፀሐይዋ ጋር»፤
እኔም ክብሪቱንና ጨውን ይዤ ወጣሁ።
ዱቄቱን ግን፣ ጽፌው እንኳን፣ ረሳሁ።